የምላጩ ሰው፤ ስለ ፍርድና ስለ በቀል የሚናገር የአንድ ቴያትር ታሪክ

ግፍ የደረሰበት ሰው ልቡ ሁለት ነገር ይመኛል፤ አንዱ ፍርድ፣ ሁለተኛው በቀል ነው። እነዚህ ሁለቱ መልካቸው እንደ መንትዮች ስለሚመሳሰል፣ በቍጣ ጊዜ ሰው አንዱን ጠርቶ ሌላው ወደ ቤቱ ይገባበታል። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ሲሉ የፍርድን ክብር ነግረውናል፤ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ሲሉ ደግሞ ቂመኛ ሰው የጀመረው ነገር ሁሉ እንደማይሳካለት አስተምረውናል። ሁለቱን ተረቶች ማስታረቅ ግን ቀላል አይደለም። ጭብጦው ያለ ፍርድ የተወሰደበት ሰው ቂም ባይዝ ምን ይያዝ?

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ይህን ጥያቄ በባዶው ከመመርመር ይልቅ በአንድ ቴያትር ታሪክ ብንመለከተው ይሻላል። ቴያትሩ «ስዊኒ ቶድ፤ የፍሊት ጎዳናው ሰይጣናዊ ጠጉር አስተካካይ» ይባላል። አብዛኛው ንግግር በዜማ የሚነገርበት የሙዚቃ ቴያትር ነው፤ ነገሩም የደስታ አይደለም፤ የጨለማና የደም ነገር ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የተጀመረው በሎንዶን ከተማ ነው። በ1846 ዓ.ም. ኤድዋርድ ሎይድ የተባለ አሳታሚ «የዕንቍ ሐብል» የሚል ልብ ወለድ የጸሐፊው ስም ሳይገለጽ በየሳምንቱ በክፍል በክፍል ያወጣ ጀመር። ይህን የመሰሉትን ጽሑፎች እንግሊዞች የፔኒ መጻሕፍት ይሏቸው ነበር፤ ዋጋቸው አንድ ፔኒ ብቻ ስለ ነበረ የፋብሪካ ሠራተኛውና የሱቅ አሽከሩ ሊገዛቸው ይችላል። በታሪኩ ውስጥ ስዊኒ ቶድ በፍሊት ጎዳና፣ በቅዱስ ደንስታን ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሱቅ የከፈተ ጠጉር አስተካካይ ነው። ጢሙን ሊላጭ የመጣውን ሰው በተንኰል በተሠራ ወንበር ላይ አስቀምጦ ወደ ምድር ቤት ይገለብጠዋል፤ ገንዘቡን ይወስዳል፤ ሥጋውንም ወይዘሮ ሎቬት የምትባል ሴት እንግሊዞች ፓይ በሚሉት፣ በሊጥ ተሸፍኖ በሚጋገር ምግብ ውስጥ ጨምራ ትሸጠዋለች። ታሪኩ በየሳምንቱ ወጥቶ ገና ሳያልቅ፣ በ1847 ዓ.ም. ጆርጅ ዲብዲን ፒት የተባለ ደራሲ ወደ ቴያትር ለውጦ በሆክስተን ሰፈር በነበረው በብሪታንያ ቴያትር ቤት አሳየው።

ይህን የመሰለ ነገር ሕዝብ እንዴት ሊያምን ቻለ? ምክንያት ነበረው። በዚያ ዘመን ሎንዶን ፈጥና ያደገች ከተማ ነበረች፤ ከገጠር የመጣው ሰው ዘመድ አልነበረውምና ቢጠፋ ፈላጊ የለውም። የሚበላውንም ነገር ማን እንደ ሠራው አያውቅም። ፍሬድሪክ አኩም የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ በ1820 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ነጋዴዎች በዳቦ፣ በሻይና በጣፋጭ ውስጥ ምን ያህል ባዕድ ነገርና መርዝ እንደሚጨምሩ ገልጾ ነበር። በ1858 ዓ.ም. በብራድፎርድ ከተማ በስሕተት አርሴኒክ የገባበት ከረሜላ ተሽጦ ሃያ ያህል ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ የቶድ ታሪክ ተረት ቢሆንም ፍርሃቱ እውነተኛ ነበረ።

የሆነ ሆኖ፣ የጥንቱ ስዊኒ ቶድ ስስታም ነፍሰ ገዳይ ብቻ ነው። ገንዘብ ይወዳል፤ ይገድላል፤ በመጨረሻም ይያዛል። ከእርሱ የምንማረው ብዙ የለም፤ እንዲህ ያለውን ሰው አይቶ «እኔ እንደዚህ አይደለሁም» ብሎ መሄድ ይቻላልና። ታሪኩን የለወጠው ክሪስቶፈር ቦንድ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። የጻፈው ድራማ በ1973 ዓ.ም. በሎንዶን፣ በስትራትፎርድ ኢስት ቴያትር ቤት ሲታይ፣ ለቶድ አዲስ ነገር ሰጠው፤ ይኸውም የተበደለ ልብ ነው። በዚያው ዓመት እስቴፈን ሶንድሃይም የተባለው አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲ ይህን ድራማ አይቶ ልቡ ስለ ተነካ ወደ ሙዚቃ ቴያትር ሊለውጠው አሰበ። ሙዚቃውንና ግጥሙን ራሱ ደረሰ፤ ንግግሩን ሂዩ ዊለር ጻፈ፤ ዝግጅቱን ሃሮልድ ፕሪንስ መራው። መጋቢት 1 ቀን 1979 ዓ.ም. በኒውዮርክ፣ በዩሪስ ቴያትር ቤት ተከፈተ። ሌን ካርዩ ቶድን፣ አንጄላ ላንስበሪ ወይዘሮ ሎቬትን ሆነው ተጫወቱ። መድረኩን የሠራው ዩጂን ሊ ከአሮጌ የብረት ማቅለጫ ያመጣውን ብረታ ብረት አቁሞበት ስለ ነበር፣ ሰዎቹ ሁሉ በአንድ ትልቅ ፋብሪካ ሆድ ውስጥ የሚኖሩ ይመስሉ ነበር። ቴያትሩ 557 ጊዜ ከታየ በኋላ ተዘጋ፤ የቶኒ ሽልማትንም በስምንት ክፍል አገኘ።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ። ቤንጃሚን ባርከር የተባለ ጠጉር አስተካካይ ሉሲ የምትባል መልከ መልካም ሚስትና ጆአና የምትባል ሕፃን ልጅ ነበሩት። ተርፒን የተባለ ዳኛ ሚስቱን ተመኘ፤ ስለዚህ ባልየውን በሐሰት አስከስሶ ለዕድሜ ልክ ወደ አውስትራሊያ በግዞት ሰደደው። ቀጥሎም ሴቲቱን በተንኰል ወደ ቤቱ አስጠርቶ ደፈራት። ልጅቱን ደግሞ በአሳዳጊነት ስም ወሰዳት። ከ15 ዓመት በኋላ ባርከር ከግዞት አምልጦ፣ አንቶኒ የተባለ ወጣት መርከበኛ ከባሕር አድኖት፣ ስሙን ስዊኒ ቶድ ብሎ ለውጦ ወደ ሎንዶን ተመለሰ። ወይዘሮ ሎቬት በድሮው ቤቱ ሥር የፓይ ሱቅ ይዛ አገኛት። እርስዋም ሚስቱ መርዝ እንደ ጠጣች ነገረችው፤ ደብቃ ያኖረችለትንም የብር ምላጮቹን ሰጠችው። ዳኛውም ያሳደጋትን ልጅ ራሱ ሊያገባት ማሰቡን ሰማ።

ዳኛው አንድ ቀን ጢሙን ሊላጭ መጣ። ቶድ ምላጩን በእጁ ይዞ ሳለ ደስታውን ሊያጣጥም ፈልጎ ዘገየ፤ ሁለቱም ስለ ሴቶች ውበት አብረው ዘመሩ። በዚህ ጊዜ አንቶኒ ጆአናን ይዤ ልጠፋ ነው እያለ በድንገት ገባ፤ ዳኛውም ነገሩን ሰምቶ ተቈጥቶ ወጣ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የቶድ ልብ ተገለበጠ። አንድ ዳኛ ቢያመልጠኝ ሰው ሁሉ ሞት ይገባዋል ብሎ ፈረደ። ክፉዎቹ ስለ ክፋታቸው ይሙቱ፤ ደጎቹም ሞት ዕረፍታቸው ነው ብሎ አሰበ። ወይዘሮ ሎቬትም ሥጋ ተወዶባት ነበርና የገደላቸውን ሰዎች ለፓይዋ አደረገቻቸው።

ይህን ቴያትር ከሃያ ዓመት በላይ በካሴት ስሰማው ኖሬአለሁ። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በመዝሙር ቡድን ውስጥ አራቱን ድምፅ ለይቶ መስማት ስለ ተማርሁ፣ ሙዚቃውን በደንብ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። በ2023 ዓ.ም. ግን ልጆቻችንን ልጠይቅ ወደ አሜሪካ በሄድሁ ጊዜ የወንድሜ ልጅ ቲኬት ገዝታ ኒውዮርክ በሚገኘው በላንት ፎንታን ቴያትር ቤት እንደ አዲስ ተዘጋጅቶ ሲታይ አሳየችኝ። ጆናታን ቱኒክ በ1979 ዓ.ም. ለ26 ሙዚቀኞች ያቀናበረው ሙዚቃ ሳይቀነስ ተመልሶ ነበር። የፋብሪካው ፉጨት በድንገት ሲጮኽ፣ ሊጮኽ መሆኑን የማውቀው እኔ ሳልቀር ከወንበሬ ተነሣሁ።

በጆሮ ብቻ ከሰማሁት ይልቅ በዐይን ሳይ ሦስት ነገሮች ተገለጡልኝ።

የመጀመሪያው ለማኟ ናት። በታሪኩ ውስጥ አእምሮዋ የታወከ አንዲት ለማኝ ሴት በጎዳናው ወዲያና ወዲህ ትላለች። በካሴት ሲሰማ ድምፅዋ አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚመጣ ሰው ይረሳታል። በመድረክ ላይ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ በዐይናችን ፊት ናት። ቶድ ከመርከብ በወረደበት ሌሊት ቀርባ ታየዋለች፤ የማውቅህ ይመስለኛል ትለዋለች፤ እርሱም ያባርራታል። ከፓይ ሱቁ የሚወጣውን ጭስ አሽትታ ከተማው ተቃጠለ እያለች ትጮኻለች፤ የሚሰማት የለም። ይህች ለማኝ ሉሲ ናት። መርዙን ጠጥታ ነበር እንጂ አልሞተችም። ወይዘሮ ሎቬት መርዝ ጠጣች ብላ እውነቱን ነገረችው፤ ሞተች አላለችውም፤ አልሞተችም ግን አላለችውም። ቶድም አልመረመረም። የሚበቀልላት ሴት በፊቱ ስታልፍ ሳያያት ቀረ።

ሁለተኛው ስለ ልጁ የሚዘምረው ዜማ ነው። በሁለተኛው ክፍል ቶድ ስለ ጆአና እጅግ ጣፋጭ በሆነ ዜማ ይዘምራል። በጆሮ የሰማው ሰው የአባት ናፍቆት ነው ይላል። በዐይን ያየው ግን ሌላ ነገር ያያል፤ ስለ ልጁ እየዘመረ ስሟን እንኳ ሰምተው የማያውቁ እንግዶችን አንድ በአንድ ያርዳል። ዜማው አይቋረጥም፤ እጁም አይቋረጥም። ሰው በልቡ ፍቅር አለኝ እያለ በእጁ ግፍ ሲሠራ እንደሚኖርና ፍቅሩም እጁን እንደማያግደው ያን ዕለት አየሁ።

ሦስተኛው የሕዝቡ ሣቅ ነው። በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ቶድና ወይዘሮ ሎቬት የየትኛው ባለሥራ ሥጋ ምን ዓይነት ጣዕም እንዳለው እየቀለዱ ይዘምራሉ። ስለ ካህኑ፣ ስለ ጠበቃው፣ ስለ ባለሥልጣኑ ይቀልዳሉ። ቤቱ ሙሉ ሕዝብ በሣቅ ፈነዳ፤ እኔም ሣቅሁ። በካሴት ስሰማው ብቻዬን ነበርሁና ቀልዱን ብቻ ነበር የምሰማው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን ከሺህ በላይ ሰው በሰው መታረድ አብሮ ሲሥቅ ሰማሁ። ደራሲው ይህን ያደረገው ዐውቆ ነው። ግፍ ወደ ሕዝብ መካከል የሚገባው ሁልጊዜ በጩኸት አይደለም፤ በቀልድም ይገባል። ሰዎችን በየወገናቸውና በየሥራቸው ከፋፍሎ ማሣቅ የጀመረ አንደበት ምላጩን እየሳለ ነው።

መጨረሻው እንዲህ ነው። ቶድ ዳኛውን ሊያጠምድ የገዛ ልጁን ማጥመጃ አደረጋት፤ በእኔ ቤት ታገኛታለህ ብሎ ደብዳቤ ላከለት። ዳኛው ሲመጣ ለማኟ በክፍሉ ውስጥ ነበረች፤ ቶድም ጊዜ እንዳያልፈው ፊቷን እንኳ ሳያይ አረዳት። ቀጥሎ ዳኛውን ገደለ። ወዲያው የወንድ ልብስ ለብሳ የተደበቀች አንዲት ልጅ አገኘ፤ እርስዋንም ሊገድላት ሲል ከምድር ቤት ጩኸት ሰምቶ ተዋት። ያቺ ልጅ ጆአና ነበረች፤ አባት ልጁን አላወቃትም። ወደ ምድር ቤት ወርዶ የምድጃው ብርሃን በለማኟ ፊት ላይ ሲያርፍ ሚስቱን ዐወቃት። ወይዘሮ ሎቬትን ወደ ምድጃው ወረወራት። ለሎቬት እንደ ልጅ ያደረው ቶቢያስ የተባለው ብላቴና፣ ካየው ነገር የተነሣ ጠጉሩ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ወድቆ ያገኘውን ምላጭ አንሥቶ የቶድን ጕሮሮ ቈረጠ።

ከቴያትር ቤቱ ወጥተን በሕዝብ መካከል እየተጋፋን ስንሄድ የወንድሜ ልጅ ዝም ብላ ቈየችና፤

«ጋሼ፣ እንግዲህ ዳኛው ቅጣት አይገባውም ነበር ይላሉ?» አለችኝ።

«ይገባው ነበር እንጂ» አልኋት።

«ታዲያ ማን ይቅጣው? ዳኛው ራሱ ሕጉ ነበር። ቶድ ወደ ማን ሄዶ ይክሰስ? ይቅርታ ያድርግ እንዳይሉኝ፤ ይቅርታ የጠየቀው የለም።»

ጥያቄዋ ከባድ ነበር። ብዙ ወጣቶች በየአገሩ ይህንኑ ይጠይቃሉ። በእኛም አገር ደም መመለስ የሚሉት ልማድ ከዚሁ ጥያቄ የተወለደ ነው፤ ዳኛ የሌለው ሰው ራሱ ዳኛ ይሆናል። ስለዚህ ዝም ብሎ በቀል ኀጢአት ነው ማለት አይበቃም።

የመለስሁላት መልስ ይህ ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ በተርፒን የተበደለው ቶድ ብቻ አይደለም። አንቶኒም ተበድሏል፤ ጆአናን በመስኮት ስላያት የዳኛው ሎሌ ዛቻ ደርሶበታል፤ ልጅቱም በዳኛው ትእዛዝ በእብዶች ቤት ተዘግታበታለች። አንቶኒ ግን የጠየቀው ጥያቄ «ልጅቱን እንዴት ላውጣት?» የሚል ነው። ቶድ የጠየቀው «ዳኛውን እንዴት ላግኘው?» የሚል ነው። የቶድ ልጅ በዚያው ከተማ ነበረች፤ ሚስቱም ከደጁ አትርቅም ነበር። ከጠፋው ሁሉ የቀረው ሊድን ይችል ነበር። እርሱ ግን ዐይኑን ከበደለኛው ላይ ስላላነሣ የተበደሉትን ሊያይ አልቻለም። የበቀል የመጀመሪያ ጕዳቱ ይህ ነው፤ ጠላት ከመሞቱ በፊት ዐይን ይታወራል።

ሕጉን በተመለከተ ደግሞ የእንግሊዝ ታሪክ ራሱ ይመልሳል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በእንግሊዝ ሞት የሚያስፈርዱት ወንጀሎች ከ200 አያንሱም ነበር። ከ1788 እስከ 1868 ዓ.ም. ባሉት 80 ዓመታት ከ160,000 የሚበልጡ ግዞተኞች በመርከብ ወደ አውስትራሊያ ተወስደዋል፤ ብዙዎቹ ጨርቅ ወይም ምግብ የመሰለ ትንሽ ነገር ስለ ሰረቁ የሰባት ዓመት ወይም የዐሥራ አራት ዓመት ወይም የዕድሜ ልክ ግዞት የተፈረደባቸው ነበሩ። ይህን ጨካኝ ሕግ የለወጠው ምላጭ አይደለም። ሳሙኤል ሮሚሊ የተባለ የሕግ ዐዋቂ በፓርላማ ቆሞ ሲሟገት፣ በ1808 ዓ.ም. ከሰው ኪስ በሚሰርቅ ላይ ይፈረድ የነበረውን የሞት ቅጣት አስቀረ፤ ሌሎች ሐሳቦቹ ግን በተደጋጋሚ ወደቁ። እርሱ ከሞተ በኋላ ሌሎች ተከተሉት። በ1838 ዓ.ም. በዊልያም ሞልስዎርዝ የሚመራው የፓርላማ ኮሚቴ የግዞትን ክፋት ዘርዝሮ አቀረበ። በ1861 ዓ.ም. የሞት ቅጣት ከጥቂት ከባድ ወንጀሎች በቀር ቀረ፤ በ1868 ዓ.ም. የመጨረሻዋ የግዞተኞች መርከብ አውስትራሊያ ደረሰች። ምግብን በባዕድ ነገር ማበላሸትን የሚከለክል ሕግም በ1860 እና በ1875 ዓ.ም. ወጣ።

ይህ መንገድ እጅግ ረጅም ነው። ሮሚሊ የለፋበትን ፍሬ ሳያይ በ1818 ዓ.ም. ሞተ። በመካከሉም ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ተሰቅሏል፤ ተግዟል። ለእነዚያ ሰዎች «ታገሡ» ማለት ለተናጋሪው ይቀላል፤ ለሚሰማው ግን መራራ ነው። ይህን አልክድም። ነገር ግን የሮሚሊ ሥራ ለሚቀጥለው ትውልድ ሕግ አወረሰ፤ የቶድ ሥራ ለቶቢያስ ምላጭ አወረሰ። ያ ብላቴና ማንንም አልበደለም ነበር። ታላላቆቹ የጣሉትን ነገር ከመሬት አነሣ፤ ያስተማሩትንም ሠራበት። ልጆች ከእኛ የሚወርሱት የምንመክራቸውን ብቻ ሳይሆን ከእጃችን የወደቀውን ነገር ጭምር ነው።

የወንድሜ ልጅ መልሴን ሰምታ፤ «ቢሆንም ለዳኛው አላዝንም» አለችኝ። እኔም አላዝንም አልኋት። ማዘን የሚገባን ለለማኟ ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፤ በእናንተም ላይ ግፍ ሊደርስ ይችላል፤ ከእናንተ በፊት በአባቶቻችሁ ላይ የደረሰውንም ግፍ የሚነግራችሁ አይጠፋም። የሚነግራችሁ ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ወይዘሮ ሎቬትም እውነት ተናግራ ነበር፤ ግማሹን። ስለዚህ ታሪክ ሲነገራችሁ የቀረውን ግማሽ ጠይቁ፤ በሕይወት የተረፈ ማን አለ፣ አሁንስ ወዴት ነው ብላችሁ ጠይቁ። በደለኛው በስሙና በሥራው ይከሰስ፤ አንድ ሰው ያጠፋውን ግን በወገኑ፣ በሥራ ጓደኛውና በመንገደኛው ላይ አትቍጠሩ። ዳኛ ቢጐድል ዳኛ እንዲገኝ ድከሙ፤ ሕግ ቢጣመም ሕግ እንዲቃና ጻፉ፣ ተናገሩ፣ ተሟገቱ። በዚህ ሁሉ መካከል ደግሞ በደጃችሁ የምታልፈውን ለማኝ ቀና ብላችሁ እዩአት።